ከመድረኩ ጀርባ፦ የብሉግራስ ዘፈን እንዴት ይጻፋል?

አድማጭ ፊት ብዙም የማይነገር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስለ ተራራ፣ ስለ እናት መቃብር፣ ጭስ ስለ ጠገበ የእንጨት ቤት ከሚዘፈኑት የብሉግራስ ዘፈኖች ብዙዎቹ የተጻፉት እዚያ ተራራ ላይ አይደለም። የተጻፉት በሌሊት ጉዞ መኪና ውስጥ፣ በፋብሪካ ከተማ ኪራይ ቤት፣ አለዚያም አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና አንድ ጀበና ቡና ብቻ በሚይዝ ጠባብ ክፍል ነው። የጻፏቸውም ያንን አገር ለቀው የወጡ ሰዎች ናቸው።

እኔ ናሽቪል ውስጥ ከባንድ ጋር ቁም ቤዝ እጫወታለሁ። የቤዝ ተጫዋች ቦታው ከኋላ ስለሆነ የሁሉንም ጀርባ ያያል። ዘፋኙ መድረክ ከመውጣቱ በፊት የትኛውን ስንኝ እንደለወጠ፣ የትኛው አንጓ ላይ ሲደርስ እንባ እንደሚተናነቀው ያውቃል። ግጥም ሲጻፍም አልፎ አልፎ እየተጠራሁ አብሬ እቀመጣለሁ። እዚያ የማየውን ለራሴ ማስቀረት አልፈልግም፤ ገጠር ተወልዶ ከተማ ለገባ፣ ከዚያም ባሕር ለተሻገረ ሰው ሁሉ ይጠቅማልና።

ምስጢሩ አጭር ነው። ጥሩ የብሉግራስ ዘፈን «ናፈቀኝ» አይልም። አንድ የሚታይ፣ የሚዳሰስ ነገር ያስቀምጥና ናፍቆቱን ለአድማጩ ይተዋል። የቀረው ሁሉ ይህንን ለመጠበቅ የሚደረግ ትግል ነው።

የአጎት ፔን ፊድል

ለማያውቁት በአጭሩ፦ ብሉግራስ ባንጆ፣ ማንዶሊን፣ ጊታር፣ ቁም ቤዝና ተጫዋቾቹ ፊድል የሚሉት ቫዮሊን ተሰባስበው፣ ያለ ከበሮ የሚጫወቱት ሙዚቃ ነው። ስሙን የወሰደው ከቢል ሞንሮ ባንድ ከ«ብሉ ግራስ ቦይስ» ሲሆን፣ ሞንሮ ደግሞ ባንዱን የሰየመው በትውልድ ግዛቱ በኬንታኪ ቅጽል ስም ነው። በ1945 መጨረሻ (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ባንጆ ተጫዋቹ ኧርል ስክረግስ ባንዱን ሲቀላቀል ዛሬ የምናውቀው ድምፅ ተሟላ። ባንጆው ራሱ ዘሩ ከአፍሪካ ነው፤ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ናቸው አሜሪካ ምድር ላይ ያበቀሉት።

ሞንሮ የተወለደው በ1911 ሮዚን በምትባል የኬንታኪ መንደር፣ ለስምንት ልጆች የመጨረሻው ሆኖ ነው። አንድ ዐይኑ ሸውራራ ስለነበረ እይታው ደካማ ነበር፤ ልጆች ይስቁበት ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ይሸሸግ ነበር። ያ ልጅ ዓለምን የያዘው በጆሮው ነው። እናቱ የሞተችው ዐሥር ዓመት ሲሆነው፣ አባቱ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ሲሞላው ነው። ታላላቆቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን ሄደው ስለነበር የእናቱ ወንድም ፔንድልተን ቫንዲቨር (አጎት ፔን የሚለው)፣ የመንደሩ ፊድለኛ፣ ኮረብታ ላይ ባለችው ትንሽ ቤቱ አስጠጋው። ማታ ማታ በየመንደሩ ጭፈራ ላይ እየወሰደ አጃቢ አደረገው። በዚያው ዘመን አርኖልድ ሹልትስ የሚባል ጥቁር ጊታሪስትና ፊድለኛ ከጎኑ ያጫውተው ነበር፤ ሞንሮ ብሉዝን ከእሱ እንደተማረ እስኪሞት ድረስ ሲመሰክር ኖሯል።

አጎት ፔን በ1932 አረፈ። ሞንሮ ስለ እሱ የጻፈውን ዘፈን ሸክላ ላይ ያስቀረጸው በ1950 ነው። በመካከሉ ዐሥራ ስምንት ዓመት አለ። ዘፈኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙ ሙሾ ትጠብቃላችሁ፤ የምታገኙት ግን ጭፈራ ነው። ስለ ብቸኝነት የለም፣ ስለ ወላጅ አልባነት የለም። የሚበዛው ምሽት ላይ ኮረብታውን አልፎ የሚሰማ የፊድል ድምፅና ሽማግሌው ይጫወታቸው የነበሩ ዜማዎች ስም ነው። መጨረሻ ላይ ቃሉ ያበቃና ፊድሉ ራሱ ይናገራል። ቀረጻው ላይ ፊድሉን የተጫወተው ሬድ ቴይለር ነው። ሞንሮ ወላጅ አልባውን ልጅ ያሳደገውን ሰው በውለታው ሳይሆን በእጁ ሥራ አስታወሰው። ለዚህ ነው አጎት ፔንን አይተን የማናውቅ ሰዎች ዛሬም የምናውቀው የሚመስለን።

ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ወላጆቹ ሲጽፍም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሮዚን መቃብር ላይ ከቆሙት ሁለት ድንጋዮች የተቀረጹትን ቃላት አንስቶ ዘፈኑ ውስጥ አስገባቸው። ከራሱ የሐዘን ቃል ከመፍጠር ይልቅ ድንጋዩ ያለውን ማንበብ መረጠ።

ጠዋት አራት ሰዓት

አሁን ወደ ክፍሉ ልውሰዳችሁ። ናሽቪል ውስጥ የግጥም ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይመጣል፤ ቡና ይቀዳል፤ ወሬ ይጀመራል። ወሬው ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ሥራው ግን እሱ ራሱ ነው።

አንድ ቀን የቀጠረችን ሴት ልጅነቷን ኬንታኪ ውስጥ የትምባሆ እርሻ ላይ ያሳለፈች ናት። የአባቷ መሬት ተሸጧል፤ ስለዚያ መጻፍ ፈልጋለች። ብዙ ወረቀት በናፍቆት፣ በመመለስና «በዚያ ደግ ዘመን» ሞላች። ቃላቱ ሁሉ እውነት ነበሩ፤ አንዱም ግን ጣት የሚያስይዝ አልነበረም። ጊታሪስቱ እርሳሱን አስቀመጠና «የአባትሽ ጎተራ ስትገቢ መጀመሪያ ዐይንሽ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው?» አላት።

ትንሽ አሰበችና «ቁጥሮቹ» አለች።

ኬንታኪ ውስጥ በርሊ የሚባለው ትምባሆ ከነግንዱ ተቆርጦ አምስት ስድስቱ በአንድ ዘንግ ላይ ይሰካል፤ ዘንጎቹ ረጅም ጎተራ ውስጥ ተሰቅለው በነፋስ ለሳምንታት ይደርቃሉ። አባቷ በየመከሩ የሰቀለውን የዘንግ ብዛትና ዓመቱን በወፍራም የአናጢ እርሳስ በሩ አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ ይጽፍ ነበር። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እያደገ ይሄዳል፤ ዝናብ በጠፋበት ዓመት ያንሳል፤ አያቷ በሞቱበት መከር የተጻፈው ደግሞ የእጅ ጽሑፉ ሌላ ነው፤ የጻፈው ጎረቤት ነበር። በ2004 የአሜሪካ ምክር ቤት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለትንንሽ ገበሬዎች የትምባሆ ዋጋ ሲያስጠብቅ የኖረውን የኮታ ሥርዓት አፈረሰ። ብዙ ቤተሰብ እርሻውን ተወ፤ አባቷም ተወ። ምሰሶው ላይ ከመጨረሻው ቁጥር በታች ምንም ያልተጻፈበት ንጹሕ እንጨት አለ።

እሷ ይህንን እየተናገረች ሳለ ክፍሉ ውስጥ ማንም ስለ ቤት ምት አላሰበም፤ ሦስታችንም ዘፈኑ እንደተገኘ አውቀናል። የመጀመሪያው አንጓ ቁጥሮቹን ይዞ ተነሣ። ሁለተኛው አንጓ ላይ ሕፃኗ አባቷ ትከሻ ላይ ሆና በራሷ እጅ አንድ ቁጥር ትጽፋለች፤ «ሰባት»ን ገልብጣ። ሦስተኛው አንጓ ባዶው እንጨት ነው። መጨረሻ ላይ «አባዬ ናፈቅኸኝ» የሚል ስንኝ ጽፋ ነበር፤ ያንን ለማስወጣት ከቀሩት ስንኞች ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደ። ያወጣችው ራሷ ናት። ጮክ ብላ ስታነበው፣ ባዶው እንጨት ቀድሞ የተናገረውን መድገም መሆኑ ለራሷ ተሰማት።

ዘፈን ቃለ መሐላ አይደለም

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። ያ ጎተራ በእውነት የለም፤ ገዢዎቹ አፍርሰውት ሳንቃውን ሸጠውታል። አሮጌ የጎተራ እንጨት ለከተማ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ጌጥነት ይፈለጋል። ዘፈኑ ውስጥ ግን ምሰሶው ቆሟል። ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። የፈረሰውን ብንዘፍን ዘፈኑ ስለ ገዢዎቹ ይሆናል፤ የቆመውን ብንዘፍን ስለ አባቷ ይሆናል። ስለ አባቷ መረጠች።

ይህ ነውር አይደለም፤ የሙያው ልማድ ነው። ካርተር ስታንሊ ከቨርጂኒያ ተራሮች የወጣ፣ በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ስለ ሐዘን በመጻፍ ተወዳዳሪ ያልነበረው ሰው ነው። በ1949 የተቀረጸውን «ዋይት ዳቭ» የጻፈው፣ ወንድሙ ራልፍ ሲናገር እንደኖረው፣ ከሥራ ሲመለሱ ሌሊት መኪና ውስጥ መብራት አብርቶ ነው። ዘፈኑ ወላጆቹን ስለ ቀበረ ልጅ ነው። ካርተር ሲጽፈው ግን እናቱ በሕይወት ነበረች፤ ልጇ በ1966 ሲሞትም እሷ ነበረች። ካርተር የጻፈው የሆነውን ሳይሆን በየመንገዱ ሲያድር የሚፈራውን ነው። ዘፈኑን የሰማ ሰው ግን የራሱን እናት ያስባል፤ አልቅሶ ሲያበቃም ተታለልኩ አይልም።

ቶም ቲ. ሆልም እንዲሁ። ኬንታኪ፣ ኦሊቭ ሂል ያደገው ይህ ጸሐፊ ልጅ ሳለ ያደንቀው ስለነበረ አንድ የሰፈር ጊታሪስት በ1971 ስመ ጥር የካንትሪ ዘፈን አወጣ። ሰውየው ሎኒ ኢስተርሊ ይባል ነበር፤ በዘፈኑ ውስጥ ግን ክሌይተን ዲሌኒ ሆነ። ለዜማው የሚመች ስም ተሰጠው፤ ፍቅሩ ግን እንዳለ ቀረ። ሆል በኋለኛው ዘመኑ ከባለቤቱ ከዲክሲ ጋር ተቀምጦ ብሉግራስ ብቻ ሲጽፍ ኖሯል፤ ሁለቱም በ2018 የብሉግራስ የክብር መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለው ሕግ ይህ ነው፦ ስሙን፣ ዓመቱን፣ ቦታውን ልትለውጥ ትችላለህ፤ ያመመህን ነገር ግን አትለውጥም። ዘፋኝ ያልተሰማውን ሐዘን ሲያዜም ከኋላ የቆምነው እናውቃለን፤ ድምፁ አይንቀጠቀጥም፣ ትንፋሹ አይጎድልም። አድማጭም ምክንያቱን ባያውቅም ይሰማዋል።

ሦስት አፍ፣ ሦስት ደቂቃ

ወረቀት ላይ ያማረ ግጥም ሁሉ አይዘፈንም። የብሉግራስ አዝማች ብዙ ጊዜ የሦስት ሰው ነው፦ መሪው፣ ከላይ ቴነሩ፣ ከታች ባሪቶኑ። ሦስቱ አንድ ቃል ላይ እኩል ገብተው እኩል መውጣት አለባቸው። ስለዚህ አዝማቹ ሲጻፍ የስንኙ መጨረሻ አፍ የሚከፍት አናባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ «አ» ወይም «ኦ» ላይ ሦስት ድምፅ ይዘረጋል፣ ይሟሟቃል። ስንኙ በ«ስ» ካለቀ ግን ሦስት ሰው በተለያየ ቅጽበት ያፏጫል፤ ማይክሮፎኑም አይምርም። ስንት ልብ የሚነካ ቃል በዚህ ብቻ እንደተሰረዘ አድማጭ አያውቅም።

ርዝመቱም ታሪክ አለው። በደቂቃ 78 ዙር የምትዞረው የድሮዋ ሸክላ በአንድ ገጿ የምትይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። በዚያ ውስጥ ባንጆው ተራ ይፈልጋል፣ ፊድሉና ማንዶሊኑም ይፈልጋሉ። ለግጥሙ የሚተርፈው ሁለት ሦስት አጭር አንጓና አዝማቹ ነው። ያቺ ሸክላ ብትቀርም ልኩ ግን ዛሬም አለ። የአንድ ሰው ዕድሜ በዚያ ልክ ሲገባ ከነገሩ ሁሉ ከባዱ ብቻ ይቀራል።

ኪዩም፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሣበት የድምፅ ከፍታ፣ ይታሰብበታል። ሞንሮ ዘፈኖቹን ወደ ላይ እየገፋ፣ ቢ እና ቢ ፍላት ላይ ያስቀምጣቸው ነበር፤ ወንድ ድምፅ እዚያ ላይ ሲደርስ መወጠር ይጀምራል። ያ ውጥረት ግጥሙ ያልተናገረውን ይናገራል። ፍጥነቱም እንዲሁ ነው። የሞት ዜና የያዘ ግጥም በሚጋልብ ባንጆ ሲታጀብ እንግዳ ጆሮ ግራ ይጋባል። ለኛ ግን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ሐዘኑን ይዞ ነገ ሥራ መግባት አለበት፣ ባንጆውም አይጠብቀውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። በልምምድ ዕረፍት ላይ ለራሴ ትዝታ ሜጀር ስጫወት ፊድለኛው ምንም ሳይጠይቅ ገባልኝ፤ የሚያውቀው የተራራ ዜማ መስሎት ነበር። አልተሳሳተም። የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ብዙ የአፓላሺያ ተራሮች ጥንታዊ ዜማዎች የቆሙባቸው አምስቱ ድምፆች ናቸው። በባሕር የተለያዩ ሁለት የደጋ ሕዝቦች አንዱ ከሌላው ሳይሰማ ለናፍቆታቸው አንድ መሰላል መርጠዋል። ይህ እኔን በየጊዜው ይደንቀኛል፤ እዚህ አገር ባይተዋር እንዳልሆን ያደረገኝም እሱ ነው።

ገጠሩ ሁሉ ማር አይደለም

ስለ ገጠር ሲጻፍ ትልቁ ፈተና ማሳመር ነው። በሙያው ውስጥ ይህንን የሚያስታውሱን ሰዎች አሉ፤ ለእኔ የመጀመሪያዋ ሄዝል ዲከንስ ናት። ዌስት ቨርጂኒያ፣ መርሰር ካውንቲ ውስጥ ከዐሥራ አንድ ልጆች አንዷ ሆና ተወለደች፤ ቤተሰቧ በከሰል ማዕድን የሚኖር ነበር። እንደ ብዙ የተራራ ልጆች ቦልቲሞር ወርዳ ፋብሪካ ገባች። ወንድሟ ተርማን የማዕድን ቆፋሪዎች የሳንባ በሽታ ሲገድለው፣ በሽታውን በስሙ ጠርታ ዘፈነች። በ1968 ፋርሚንግተን ላይ የከሰል ማዕድን ማውጫ ፈንድቶ 78 ሰው ሲያልቅም ዝም አላለችም። ስለ አገሯ ፍቅርም ጽፋለች፤ ስለ እናቷ እጅ የጻፈችውን ሊን ሞሪስ ዘፍናው በ1996 በዓለም አቀፉ የብሉግራስ ማኅበር የዓመቱ ዘፈን ተብሏል። ስታስቡት ያም አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ልጅ ከቤት ስትወጣ የለቀቀችው እጅ። ቁጣውም ፍቅሩም ከአንድ ሰው ስለወጡ ሁለቱም ይታመናሉ።

ጆን ፕራይን ደግሞ ቺካጎ አጠገብ ፖስታ ያድል የነበረ ሰው ነው። ወላጆቹ ከኬንታኪ፣ ከሙለንበርግ ካውንቲ የመጡ ናቸው። በልጅነቱ ይወሰድባት የነበረችው ፓራዳይዝ የምትባል መንደር በከሰል ቁፋሮና በኃይል ማመንጫ አጠገብ ኖራ በ1960ዎቹ መጨረሻ ጨርሳ ጠፋች። በ1971 ያወጣውን ዘፈን የጻፈው ለአባቱ ነው። ብሉግራስ ነኝ ብሎ አልጻፈውም፤ ዛሬ ግን ይህንን የማይጫወት የብሉግራስ ባንድ ማግኘት ይከብዳል። የሚያስለቅሰው ደግሞ ከሰል ቆፋሪውን ድርጅት በስሙ ስለጠራ ነው። አንድ ወንዝ፣ አንድ ድርጅት፣ አንድ የልጅ ጥያቄ፤ ሌላ የለም።

ሸክላው ላይ ያለው ስም

ስለ ገንዘቡም ላንሾካሹክ። በድሮ ሸክላዎች ላይ የደራሲ ስም ሁሉ የደራሲው አይደለም። ሌስተር ፍላትና የሙዚቃ አጋሩ፣ ባንጆ ተጫዋቹ ኧርል ስክረግስ፣ አንዳንድ ሥራቸውን በሚስቶቻቸው የቤተሰብ ስም፣ በስቴሲና በሰርተን አስመዝግበዋል። ሞንሮም በብዕር ስም ያወጣቸው አሉ። ከአሳታሚ ውልና ከክፍያ ጋር የተያያዘ ነገር ነበር።

ዛሬ ስሙ ንጹሕ ነው፤ ገንዘቡ ግን ቀጭን ነው። ከ2006 እስከ 2022 አንድ ዘፈን በአንድ ቅጂ በሕግ የሚከፈለው 9.1 ሳንቲም ነበር፤ በ2023 ወደ 12 ሳንቲም ከፍ አለ። በዚያ ሂሳብ አሳታሚው ግማሹን ቢወስድና ሦስት ሰው ቢጽፈው ለእያንዳንዱ 2 ሳንቲም ይደርሰዋል። አምስት ሺሕ ሲዲ ቢሸጥ 100 ዶላር ማለት ነው። በኢንተርኔት ለሚደመጠው የሚከፈለው ከዚህም ያነሰ ነው። ስለዚህ እነዚህን ሰዎች ቀን ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ቧንቧ ሲጠግኑ ታገኟቸዋላችሁ። የትምባሆውን ዘፈን የጻፈችው ሴት ነርስ ናት። ለምን እንደምትጽፍ ስጠይቃት ልጆቿ ያንን ምሰሶ አይተውት ስለማያውቁ ነው አለችኝ።

ስልኩን አንሡ

የመጨረሻው ሹክሹክታ ከሁሉ የሚጠቅመው ነው። ጎበዞቹ ጸሐፊዎች ብዕር ከማንሣታቸው በፊት ስልክ ያነሣሉ። እናት ወይም አክስት ዘንድ ይደውሉና ትንንሽ ነገር ይጠይቃሉ፦ የላሚቱ ስም ማን ነበር? የኩሽናው በር ሲከፈት ወደ የት ነበር? አባባ ሲያፏጭ የትኛውን ዜማ ነበር? መልሱ ሁልጊዜ ከሚፈጥሩት ይበልጣል። ግጥሙ ውስጥ ባይገባ እንኳ ዘፋኙ ሲዘፍን ምን እያየ እንደሚዘፍን ያውቃል።

ለናንተም የምለው ይህንኑ ነው። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ወይም አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ስለ ተወለዳችሁበት ቀዬ መጻፍ የምትፈልጉ ሁሉ «አገሬ» ከሚለው ቃል አትጀምሩ። አገር ቤት ደውሉና የጥማድ በሬዎቹ ስም ማን ማን እንደነበር ጠይቁ፤ ማን እንዳወጣላቸው፣ የቱ በቀኝ የቱ በግራ ይጠመድ እንደነበር ጠይቁ። የነገሯችሁን ሳታሳምሩ ጻፉት። ዜማውና ቤት ምቱ ነገም ይደርሳል፤ ያንን የሚያውቀው ሰው ግን ነገ ላይኖር ይችላል፤ ዛሬ ካልተጠየቀ የትኛውም ተሰጥኦ የእሱን መልስ አይተካውም።